የሰው ሰዓት

ሰኞ ሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ በዋቢ በር ከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ እጁ ላይ ያሰረው አምባር አንድ ጊዜ ይነዝረዋል። የሳምንቱ ደንብ መጣ ማለት ነው። ደንቡን የሚያነበው የለም። ሰዉ ጥርሱን እየፋቀ፣ ልጁን እያለበሰ፣ አንዳንዱም ገና ከአልጋው ሳይወርድ «ተቀብያለሁ» የምትለዋን ቦታ በአውራ ጣቱ ይነካና ቀኑን ይጀምራል። ላልነካ ሰው የሚኖርበት ሕንፃ በር አይከፈትለትም። ስለዚህ የማይነካ ሰው የለም።

መምህርት ረድኤት ጌታሁንም ከሰዉ የተለየች አልነበረችም። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ሃያ ዘጠኙን ያሳለፈችው ታሪክ በማስተማር ነው። የድልድይ መሐንዲስ የነበረው ባሏ ዘካርያስ ከሞተ አራት ዓመት አልፎታል፤ ልጅ አልወለዱም። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤቷ ብቻዋን ትኖራለች። ጠዋት ጠዋት ቤቱ ራሱ «ወይዘሮ ረድኤት፣ እንደምን አደሩ?» ይላታል። ዘካርያስ በሞተ ሰሞን፣ ድምፁን ወደ ባሏ ድምፅ እንዲቀይርላት ትፈልግ እንደሆነ በትሕትና ጠይቋት ነበር። አልፈልግም አለች። ለሰላምታው ግን፣ መጀመሪያ ላይ ዝም ትል የነበረችው፣ ውላ አድራ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ጀመረች። ሳትመልስ ከወጣች ቀኑን ሙሉ የሆነ ነገር የረሳች እየመሰላት ተቸግራ ነው።

ትምህርት ቤቱ ከቤቷ በከተማው ባቡር ሦስት ፌርማታ ነው። ልጆቹን የሚያስተምራቸው ሰው ሳይሆን የማሽን ድምፅ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ጆሮው ውስጥ የራሱ ድምፅ አለው፤ ቸኩሎ ለሚማር ይቸኩልለታል፣ ለሚያዘግም ያዘግምለታል። ሃያ ስምንት ልጆች ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ በሚውሉበት ክፍል ውስጥ ዝንብ ብትበር ትሰማለች። ሆኖም አንድ ልጅ ቢያንስ በሳምንት አንድ ሰዓት ከሕያው ሰው መማር አለበት የሚል የቆየ ሕግ ነበረ። የሚሽረው ሰው ጊዜ ስላላገኘ መምህራን ጨርሰው አልጠፉም። ያቺ ሰዓት «የሰው ሰዓት» ትባላለች። የስምንተኛ «ለ» ክፍል የሰው ሰዓት ማክሰኞ ከአራት እስከ አምስት ሲሆን፣ የረድኤት ናት። የክፍሉም ኃላፊ እሷው ናት።

ከሃያ ስምንቱ ልጆች ሰባቱ የጊዜያዊ ነዋሪዎች ልጆች ናቸው። የ2079ኙ ድርቅ የቆላውን ጉድጓድ ሁሉ ጨው ባደረገው ጊዜ ወላጆቻቸው ከየአቅጣጫው ወደ ከተማዋ ገቡ። በቋንቋም በሃይማኖትም አይገናኙም፤ የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር ዘግይተው መድረሳቸው ነው። ሰዉ «ተጠጊ» ይላቸዋል። ጊዜያዊ ከተባሉ አሁን ዐሥራ አራት ዓመታቸው ነው። ሰባቱም ልጆች የተወለዱት እዚሁ ዋቢ በር ነው።

በየዓመቱ ኅዳር ውስጥ ረድኤት ናዚዎች በአይሁዳውያን ላይ ያወጧቸውን ሕጎች ታስተምራለች። ለዚህ ትምህርት የራሷ የሆነ ዘዴ ነበራት። ወረቀት ብርቅ በሆነበት ዘመን የዘካርያስን የድሮ የድልድይ ንድፎች ትቆራርጥና በጀርባቸው ላይ ሕጎቹን አንድ በአንድ ትጽፋለች፤ ቀናቸውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሥር ታሰፍራለች። ልጆቹ ዕጣ እንደሚያወጡ ሁሉ ከቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አንዳንድ ወረቀት ያወጣሉ። ከዚያ የምትጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ይህ ሕግ ዛሬ በአንተ ወይም በአንቺ ላይ ቢወጣ፣ ነገ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ይቀየራል? ጻፉት።»

በ2093 ዓ.ም. ኅዳር ላይም እንዲሁ አደረገች። አንዱ ልጅ በ1942 ሰኔ የወጣው የብስክሌት ሕግ ደረሰው፤ ብስክሌቱን አስረክቦ በእግሩ ሲሄድ የትኞቹን ሱቆች በዝግታ እንደሚያልፍ በዝርዝር ጻፈ። ሌላው ሬዲዮ፣ ሌላዋ ስልክ ደረሳቸው። የቤት እንስሳ እንዳይኖር የሚከለክለው የደረሳት ልጅ እጇን አውጥታ ድመቷን ለጎረቤት መስጠት ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ረድኤት ያም አይፈቀድም ነበር አለቻት። ልጅቷ ብዕሯን አስቀመጠች። በ1938 ነሐሴ የወጣውን፣ ማንኛዋም አይሁዳዊት በስሟ ላይ «ሣራ»፣ ማንኛውም አይሁዳዊ ወንድ «እስራኤል» የሚል ስም እንዲጨምር የሚያዘውን አንዱ ልጅ ጮክ ብሎ ሲያነበው ክፍሉ ሳቀ። እዚያው ክፍል ውስጥ ሣራ የምትባል ልጅ ነበረች። እሷም አብራ ሳቀች፤ ቆይታ ግን ስሜ ምን አጥፍቶ ነው አለች። ስሙ ምንም አላጠፋም፣ አለቻት ረድኤት፤ የመንግሥት ጸሐፊዎች ሰዎቹን አንድ በአንድ ከማወቅ በአንድ ስም መለየት ቀሏቸው ነው።

ሰዓቱ ሲያልቅ ወረቀቶቹን ሰበሰበች። አንዱ ባዶ ነበር። የማኅደር አሰፋ ነው። ማኅደር ዐሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ከሰባቱ ልጆች አንዷ፣ ዝምተኛ ግን ሥራዋን የማታስታጉል ልጅ ናት። የደረሳት ወረቀት «በመናፈሻ ውስጥ ለአይሁዳውያን ባልተፈቀደ ወንበር መቀመጥ ክልክል ነው» የሚል ነበር። ረድኤት ሌሎቹ ድምፃቸውን ወደ ጆሯቸው ሲመልሱ ማኅደርን ወደ ኮሪደሩ ጠራቻት።

«ወረቀትሽ ባዶ ነው።»

«አዎ ቲቸር።»

«ጥያቄው አልገባሽም?»

«ገብቶኛል። ነገ የሚቀየረውን ጻፉ ነው ያሉን። የሚቀየር የለም።»

ረድኤት መጀመሪያ ልጅቷ እየተዳፈረቻት መስሏት ፊቷን አየችው። የንዴት ምልክት አልነበረበትም።

«እኛ ጥላ ማረፊያ ውስጥ አንቀመጥም» አለች ማኅደር፤ «ከአምና ጥቅምት ጀምሮ። ከዚያ በፊት ጠዋት በባቡር መሳፈር ቀረ። ዋና ገንዳውም። ሌላ ቢደርሰኝ እጽፍ ነበር ቲቸር፤ የስልኩ ቢደርሰኝ ጥሩ ነበር። ስልክ አለን።»

ረድኤት ሂጂ አለቻት። ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትመለስ ከባቡሩ መስኮት የጥላ ማረፊያዎቹን አየች። በአርባ ሁለት ዲግሪ ሙቀት ሰዉ ከጣሪያው ሥር ተቀምጦ ይናፈሳል። ከጥላው ውጭ፣ ከግንቡ ሥር ባለችው ቀጭን ጥቁር መስመር ላይ፣ ጥቂት ሰዎች ጀርባቸውን አስደግፈው ቆመዋል። በየቀኑ ታያቸው ነበር። ባቡር የሚጠብቁ ይመስሏት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣ ያለፉትን አምስት ዓመታት ደንቦች ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበች። ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ውሃ ፈረቃ፣ ስለ አሳንሰር ከሚያወሩት መካከል ጊዜያዊ ነዋሪዎችን የሚመለከቱት ስድሳ አራት ነበሩ። አንዱም ክፉ ቃል የለበትም። «አገልግሎቱን ለማሻሻል»፣ «መጨናነቅን ለመቀነስ»፣ «ለሁሉም ነዋሪ ምቾት ሲባል» እያሉ ይጀምራሉ፤ ሲጨርሱ አንድ ነገር ተወስዷል። ከጠዋቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባቡር የለም። ገበያ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብቻ። በግ፣ ፍየል፣ ዶሮ ማርባት አይቻልም። ቋሚ ነዋሪ ቤታቸው ሲመጣ ይመዘገባል። ልዩነቱ ይህ ነው ልትል ፈልጋ ከጀርመኖቹ ጋር ለማመሳከር ሞከረች፤ ልዩነቶችም አገኘች፤ እዚህ የሚገድል ሰው የለም፣ በሰው ልብስ ላይ ቢጫ ኮከብ የሚያሰፋ የለም። እነዚያም ግን በ1933 ሲጀምሩ ኮከብ አልነበራቸውም። ኮከቡ ስምንት ዓመት ቆይቶ የመጣ ነው። ይህን ራሷ ነበረች በየዓመቱ የምታስተምረው።

ሃያ ዘጠነኛው ደንብ የትምህርት ቤቶችን የንባብ ክፍል የሚመለከት ነበር። ጊዜያዊ ተማሪዎች የሚገቡት ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ነው ይላል። ደንቦቹን የሚያወጣው መዝገቡ የሚባለው የከተማው ማሽን ነው፤ የሚያወጣው ማንኛውም ውሳኔ ግን የሰው እማኝ ያስፈልገዋል፤ መዝገቡ ብቻውን አይወስንም የተባለው በዚህ ነው። ከደንቡ ሥር የእማኙ ስም ሰፍሯል። ረድኤት ጌታሁን።

ቀኑን አስታወሰችው። የፈተና ሳምንት ነበር፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ምሳ አልበላችም። አምባሯ ነዘራት፤ ነካችው።

አላለቀሰችም። ተነስታ ውሃ ጣደች። ቤቱ ውሃው መፍላቱን ሁለት ጊዜ ነገራት። በሦስተኛው ራሱ አጠፋው።

ሰኞ ርዕሰ መምህሩ አስጠራት። አቶ ናትናኤል ብርሃኑ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ያስተማረችው እሷ ናት፤ ዛሬም ቲቸር ይላታል። ወንበር ስቦ አስቀመጣት፣ ስለ ጤናዋ ጠየቃት፣ ከዚያ በጠረጴዛው ላይ የሰባት ልጆች ስም አሳያት። የማኅደር ስም ከላይ ሦስተኛው ነበር። ከፊታችን ዓርብ ጀምሮ ሰባቱ ቤታቸው ሆነው በድምፁ ይማራሉ፤ የክፍሉ ኃላፊ እማኝ ሆና በሦስት ቀን ውስጥ መንካት አለባት። ልክ የመጋረጃ ቀለም እንደሚያስመርጣት ሰው በለሰለሰ ድምፅ ነበር የነገራት።

«ከትምህርት አልተባረሩም እኮ ቲቸር። ድምፁ ያው ድምፅ ነው፤ ፈተናውም ያው።»

«የሰው ሰዓትስ?»

«እሱ እንኳ እነሱን አይመለከትም።»

ረድኤት ስሞቹን ደግማ አነበበቻቸው። ያሲንን፣ ኦብሳን፣ ማኅደርን። ከዚያ አልነካውም አለች። ናትናኤል አልተቆጣም። እሷ ባትነካው ሌላ ሰው እንደሚነካው፣ ለልጆቹ የሚለወጥ ነገር እንደሌለ፣ ለእሷ ግን ብዙ ነገር እንደሚለወጥ በትዕግሥት አስረዳት። ጡረታዋ ስድስት ዓመት ቀርቶታል። የምትኖርበት ቤት የመምህራን ነው።

«እነዚያን ወረቀቶች ያስወጡን ነበር» አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ። «አስታውሳለሁ። ለእኔ የደረሰኝ የሬዲዮው ነበር።»

«ምን ጻፍክ?»

አሰበ። ከልቡ ነበር ያሰበው።

«አላስታውስም» አለ። «ጥሩ ማርክ ግን ሰጥተውኛል።»

ረድኤት በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንት ልጅ እንዳስተማረች ለመቁጠር ወደ ቤቷ ስትሄድ ሞከረች። ከሰባት መቶ በኋላ ተወችው።

በትምህርት ቤቱ ውስጥ ጓደኛ የምትላት አንዲት ሰው ነበረች። የሒሳብ መምህርቷ ቤዛዊት። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ቀዝቀዝ በሚለው በደረጃው ሥር፣ ምሳቸውን አብረው በልተዋል። ማክሰኞ ረድኤት ነገሩን ነገረቻት። ቤዛዊት ምግቧን እያኘከች ሰማቻትና ብዙ ምክር መከረቻት። ሥራ ፈት አትሁኚ አለቻት፤ ዓለምን አንቺ አልፈጠርሻትም፤ ጎመን በጤና። የቤዛዊት እናት በከተማው መጦሪያ ውስጥ ናቸው፤ በመኝታቸው ላይ የተገጠመላቸው መተንፈሻ የሚሠራው በመዝገቡ ላይ የቤዛዊት ስም ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ነው። ረድኤት ይህን ስለምታውቅ አልተከራከረቻትም። በእማኞች ዝርዝር ውስጥ ስማቸው በተርታ እንደሚከተልም ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ ረድኤት ካለፈችው ጥያቄው ወደ ቤዛዊት ይሄዳል። ይህን ግን ሁለቱም አላነሱም። ሳህናቸውን ይዘው ተነሱ።

ረቡዕ ሌሎቹ መምህራን ከእሷ ጋር ሲነጋገሩ አጠር ማድረግ ጀመሩ። ሰላምታቸው አልጎደለም፤ ከሰላምታው በኋላ የሚመጣው ወሬ ነው የጎደለው። ረድኤት ሦስቱን ቀን አምባሯ በየሰዓቱ ሲነዝራት ዋለች። ንዝረቱ ከተለመደው የለሰለሰ ነበር፤ ትከሻን ነካ አድርጎ እንደሚጠራ ሰው። እንቅልፏ መካከል እንኳ እጇ ራሱ ሄዶ እንዳይነካው ፈርታ ግራ እጇን በሻሽ ጠቅልላ ተኛች።

ሐሙስ ቀነ ገደቡ አለፈ። ንዝረቱ ቆመ። ረድኤት ከመምህራን ክፍል ሳትነሳ ቤዛዊት ከወዲያኛው ጥግ አምባሯን ስታይ አየቻት፤ ቤዛዊትም ቀና ብላ አየቻት። ያ ሁሉ ነገር የወሰደው ጊዜ ጫማ ከማሰር አይበልጥም። ምሳ ሰዓት ላይ ቤዛዊት ወደ ደረጃው ሥር መጣች፤ ምግብ ግን አልያዘችም።

«ዓይኔን ጨፍኜ ነው የነካሁት» አለች።

«መጨፈንሽን መዝገቡ አይጽፈውም።»

ቤዛዊት የምትለው ያላት ትመስል ነበር። እናቴ ብላ ጀመረችና ተወችው። ከዚያ ቀን በኋላ ምሳዋን የት እንደምትበላ ረድኤት አታውቅም፤ አልጠየቀችምም። ረድኤት አንድ ሁለት ቀን በደረጃው ሥር ብቻዋን በላች። ሳህን ላይ የሚጋጭ የማንኪያ ድምፅ ደረጃው ሥር ያን ያህል እንደሚያስተጋባ ከዚያ በፊት አላስተዋለችም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ስምንተኛ «ለ» ገባች። ሰባት ባዶ ወንበር አያለሁ ብላ ራሷን አዘጋጅታ ነበር። ወንበሮቹ የሉም። ረድፎቹ ተጠጋግተው ተስተካክለዋል፤ ክፍሉ ልክ ለሃያ አንድ ልጅ የተሠራ ይመስል ሞልቷል። ልጆቹ ድምፃቸውን እያዳመጡ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሣራ የምትባለዋ ብቻ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ወለሉ ላይ የወንበር እግር የተወውን ነጣ ያለ ክብ አየች፤ መልሳም አንገቷን ደፋች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ የሰው ሰዓቷ ተወሰደባት። ናትናኤል ደክሞዎታል፣ ትንሽ ይረፉ አላት፤ ደሞዟ አይቋረጥም። ሕጉስ ስትለው፣ ሕያው ሰው የሚለው ቃል የሕያው ሰው ድምፅ ማለት ነው ተብሎ መተርጎሙን ነገራት። እሷ በሕይወት አለች፤ ድምፅዋም የዐሥራ ሰባት ዓመት ተቀድቶ አለ። መምህራን ክፍል ውስጥ እንድትቀመጥ ተደረገ። በአራት ሰዓት፣ በግድግዳው ማዶ፣ የራሷን ድምፅ ሰማች።

ጥሩ ነበር የሚያስተምረው። ከእሷ የተሻለ ነበር ማለት ይቻላል፤ አይስልም፣ አይረሳም፣ የትኛው ልጅ እንዳልገባው ያውቃል። በሚያዝያ 1933 አይሁዳውያን ከመንግሥት ሥራ ተባረሩ አለ። በመስከረም 1935 ዜግነታቸውን አጡ፣ ከሌሎች ጀርመኖች ጋር መጋባት ተከለከሉ አለ። በኅዳር 1938 ልጆቻቸው ከጀርመን ትምህርት ቤቶች ተባረሩ አለ። የምታርፍበት ቦታ ላይ ያርፋል፤ ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግበት ላይ ዝቅ ያደርጋል። ረድኤት ጥያቄዋን ጠበቀች። ነገ ምን ይቀየራል የሚለውን። አልመጣም። በእሱ ፈንታ ዓመተ ምሕረቶቹን በቅደም ተከተል ያስቀምጡ ዘንድ ጠየቃቸው። ሃያ አንዱም አልተሳሳቱም። የእሷው ድምፅ «ጎበዞች» አላቸው።

ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። የከለከላት የለም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የማኅደርን ቤት አጠያይቃ ሄደች። ተጠጊዎቹ የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ ነው። ወንዝ ይባል እንጂ ከዓመት ዓመት አሸዋ ነው፤ ክረምት ላይ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ይወርዳል። ድልድዩን ተሻግራ፣ በቆርቆሮና በተጣለ የፀሐይ ሰሌዳ የተሠሩ ቤቶችን አልፋ ስትደርስ የማኅደር አባት በር ላይ ሆኖ አያት። አቶ አሰፋ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው፤ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት ነበር። ገና ከሩቁ እጁን አንስቶ እንድትቆም ለመናት።

«እዚያው ይሁኑልኝ፣ እባክዎ» አለ። «ከአሥር እርምጃ በታች ከቀረቡ ነው የሚቆጠረው።»

ምን እንደሚቆጠር ጠየቀችው። የቋሚ ነዋሪ ጉብኝት ይመዘገብባቸዋል። ሦስት ከሞላ የመኖሪያ ፈቃዳቸው እንደገና ይታያል። ባለፈው ወር አንድ ደግ ሐኪም ለትንሹ ልጁ መድኃኒት ይዞ ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር፤ ስለዚህ የቀራቸው አንድ ነው። ይህን ሲነግራት ያፈረው እሱ ነበር። እንግዳ ከደጅ መመለስ በአባቱም በአያቱም ቤት ታይቶ የማይታወቅ መሆኑን ሁለት ጊዜ ነገራት።

«ልጄ ስለ እርስዎ ነግራኛለች» አለ። «አለመንካትዎን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እግዜር ይስጥልን። ግን አይምጡብን።»

ረድኤት ገባኝ አለች። የሚጠቅም ነገር ይዤ ባለመምጣቴ ይቅርታ ማለት አማራት፤ ምን ልትይዝ ትችል እንደነበርም አላወቀችም። ከቤቱ ውስጥ የሕፃን ሳልና የማኅደር ጆሮ ላይ ያለው ድምፅ ስስ ሹክሹክታ ይሰማ ነበር። ልጅቷ አልወጣችም። አሰፋ ረድኤት ዞራ እስክትሄድ ድረስ ቆመ፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት፤ እሷም በአሥር እርምጃ ርቀት እጅ ነሳችው።

ድልድዩን ተመልሳ ተሻግራ በከተማው በኩል፣ በወንዙ ግንብ ላይ ተቀመጠች። ጥላ አልነበረም። በከተማዋ ውስጥ እሷን የሚፈልግ ሥራ የለም፤ የሚጠብቃት ሰው የለም፤ የሚጠብቃት ቤቱ ነው። ልትጎበኘው የምትችለው ሰው ቢኖር ጉብኝቷ የሚጎዳው ነው። ይህን ስታስብ አልተንሰቀሰቀችም፤ በሌላ ሰው ላይ የደረሰ ነገር እንደምትሰማ ሁሉ ሰማችው። በማግስቱም እዚያው መጥታ ተቀመጠች። ከመምህራን ክፍል ግድግዳ ይሻላል ብላ ነው። በሦስተኛውም ቀን መጣች።

በአራተኛው ቀን ማኅደር በወዲያኛው ዳር መጣች። ጀሪካን ይዛለች። አሸዋው ስድሳ እርምጃ ይሰፋል። ልጅቷ ጀሪካኑን አስቀምጣ፣ ወዲህ ወዲያ አይታ፣ አፏን በእጆቿ ከልላ ተጣራች።

«ቲቸር!»

ረድኤት ተነስታ ቆመች። በግንቡ መንገድ የሚያልፉ ሁለት ቋሚ ነዋሪዎች አዩዋትና ፈጠን ብለው አለፉ።

«ድምፁን ጠየቅኩት» አለች ማኅደር፤ ቃሏ በነፋሱ ላይ እየተቆራረጠ ይመጣል። «አልመለሰልኝም። ከክፍልሽ በላይ ነው አለኝ።»

«ምን ጠየቅሽው?»

«ልጆቹን ከትምህርት ቤት ካባረሯቸው በኋላ ማን አስተማራቸው?»

ረድኤት ግራ ቀኟን አላየችም። ድምፅዋን ለስድሳ እርምጃ ያህል ከፍ አድርጋ ጀመረች። ከ1933 ጀምሮ ከሥራ የተባረሩ አይሁዳውያን መምህራን ነበሩ አለች። እነዚያ መምህራን ልጆቹን በምኩራብ፣ በሕንፃ ምድር ቤት፣ በመኖሪያ ክፍል ሰብስበው አስተማሯቸው። ሒሳብም፣ ታሪክም፣ ሙዚቃም። በብዙ ከተማ የራሳቸው ትምህርት ቤት ነበራቸው። በሰኔ 1942 መጨረሻ ግን እነዚያም እንዲዘጉ ታዘዘ። ልጆቹን ወደ ምሥራቅ በባቡር ወሰዷቸው። ወደሚገደሉበት ቦታ ነው የወሰዷቸው። ይህን በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለልጅ እንዲህ በጩኸት ተናግራው አታውቅም።

በወዲያኛው ዳር ያሲን መጣ፤ ከኋላው ኦብሳና ሌሎችም። ጀሪካናቸውን ገልብጠው ላዩ ላይ ተቀመጡ።

«መምህራኑስ?» አለች ማኅደር።

«ብዙዎቹ አብረዋቸው ሄዱ። መሸሽ የቻሉ ነበሩ። ልጆቹን ትተው አንሄድም ብለው የቀሩ ነበሩ።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተነጋገሩ። ምን እንዳሉ ረድኤት አልሰማችም። ከዚያ ማኅደር ደግማ እጆቿን ወደ አፏ አደረገች።

«ቲቸር፣ ያሲን የመጨረሻው አልተሰማኝም ይላል። ነፋሱ ነው።»

ረድኤት ከግንቡ ወርዳ፣ የአሸዋው ጠርዝ ድረስ ቀረብ ብላ፣ ከመጀመሪያው የበለጠ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችላቸው።